ምዕራፍ ሰባት፦ ጐዳናውን ለሕፃኑ ማስተካከል

ከቤቱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን ከእናቱ እጅ ወጥቷል፤ ወደ መምህሩም እጅ ገና አልገባም። በዚህ መካከል ባለው ጥቂት ጊዜ የሚጠብቀው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሕፃኑ ራሱን ይጠብቅ የሚል ነው። ይህንንም ማንም በቃሉ ባይናገረው፥ የከተሞች አሠራር በየቀኑ ይናገረዋል፤ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ፥ መኪናውም ፈጣን፥ የእግረኛውም መሄጃ ጠባብ ወይም ፈጽሞ የሌለ ሆኖ ሲሠራ፥ ለደኅንነት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሁሉ ከመንገደኞች መካከል በዕድሜ ለሚያንሰው፥ በቁመት ለሚያጥረውና ልምድ ለሌለው ተላልፎ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ወላጆችና መምህራን አደጋውን ስለሚያውቁ ልጆቻቸውን ሳይመክሩ አይውሉም። ግራና ቀኝህን ሳታይ አትሻገር፥ በመንገድ ላይ አትሩጥ፥ ኳስህ ወደ አስፋልቱ ቢገባ ተከትለኸው አትግባ የሚለው ተግሣጽ በየቤቱ ይሰማል፤ ይህም መልካም ምክር ስለ ሆነ የሚነቅፈው የለም። ዳሩ ግን ምክር ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን ሥራ በምክር ላይ መጫን ስሕተት ነው። በዚህ ምዕራፍ ላስረዳው የምፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም፥ በትምህርት ቤት አካባቢ ሕፃኑን ለመንገዱ እንዲስማማ አድርጎ ማሳደግ ስለማይቻል መንገዱን ለሕፃኑ እንዲስማማ አድርጎ መሥራት የሚገባ መሆኑን፥ ይህም በብዙ አገር ተሞክሮ ፍሬው የታየ ጥበብ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሕፃን ዐይንና ልቡና

ስቲና ሳንደልስ የተባሉት ስዊድናዊት ሊቅ፥ ትንንሽ ልጆች በመንገድ ላይ ሲሄዱ፥ ሲቆሙና ሲሻገሩ የሚያደርጉትን ሁሉ በትዕግሥት ከመረመሩ በኋላ የደረሱበትን ነገር በ1968 በመጽሐፍ አወጡ። ከዚያ አስቀድሞ አንድ ሕፃን በመኪና በተመታ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ልጁ ስለ ምን ዘሎ ገባ፥ ወላጆቹስ ስለ ምን አልመከሩትም እያለ ነበር። ሳንደልስ ግን ጥያቄውን ወደ ሌላ ወገን መለሱት፤ የትንሽ ልጅ አካልና አእምሮ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ፥ ምንም ያህል ቢማርና ቢመከር የመኪና መንገድ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ አሟልቶ ሊፈጽም አይችልም፤ ስለዚህ የተሽከርካሪው እንቅስቃሴ ለሕፃናት እንዲስማማ መደረግ አለበት ብለው ደመደሙ።

የዚህም ምክንያት የልጅን ባሕርይ ላስተዋለ ሰው ግልጥ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ዐይን ያለው ከቆመ መኪና ኮፈን እምብዛም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፥ አዋቂ ሰው በቆመው መኪና ላይ አሻግሮ የሚያየውን መንገድ እርሱ አያየውም፤ ነጂውም እርሱን አያየውም። ልቡናውም በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ጓደኛውን ያየ እንደ ሆነ፥ ከጓደኛው በቀር ያለው ሁሉ ከሐሳቡ ይጠፋል፥ ትናንት በክፍል ውስጥ አጥንቶ የተናገረውም ሕግ አብሮ ይጠፋል። ይህም የዕድሜው ጠባይ ነው እንጂ አለመታዘዝ አይደለም፤ ለጠባዩም ልጅ አይቀጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስለ ማየት የተገኘው ዕውቀት ነው። አንድ ነገር ወደ እኛ መቅረቡን የምናውቀው በዐይናችን ውስጥ ያለው ምስሉ እየሰፋ በመሄዱ ነው። እንግዲህ ሁለት መኪናዎች፥ አንዱ በዝግታ፥ ሁለተኛው በፍጥነት ሲመጡ፥ ሁለቱም ከ5 ሰከንድ በኋላ ሕፃኑ ከቆመበት ስፍራ የሚደርሱ ናቸው እንበል። በዚያች ቅጽበት ፈጣኑ መኪና ከዝግተኛው ይልቅ በሩቅ ስላለ፥ ምስሉ የሚሰፋው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ይልቁን ሊፈራ የሚገባው መኪና ለተመልካቹ ባለበት የቆመ ይመስላል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት፥ ይህን የምስል መስፋት የመለየት ችሎታ ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ የሚያድግ መሆኑንና፥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚመጣን መኪና መቅረቡን ላይለዩት እንደሚችሉ አስረድተዋል። እንግዲህ ግራና ቀኙን እንዲያይ የታዘዘ ሕፃን ትእዛዙን ፈጽሞ፥ ግራውንም ቀኙንም በእርግጥ አይቶ፥ ነገር ግን ያየውን መኪና መምጣት ሳይረዳ ወደ አስፋልቱ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁ ያላደረገው ምን አለና ነው ጥፋተኛ የሚባለው?

የፍጥነት ሒሳብ

የጉዳቱ ሁሉ ሥር ፍጥነት ስለ ሆነ፥ ሒሳቡን አንድ ጊዜ ማስላት ይገባል። አንድ ነጂ በፊቱ ሕፃን ባየ ጊዜ፥ አይቶ፥ ፈርዶ፥ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬኑ እስኪያዛውር ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ማለፉ አይቀርም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍሬኑም ከተያዘ በኋላ መንገዱ ደረቅና መልካም ቢሆን እንኳ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፥ በጠቅላላው 28 ሜትር ማለት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በመጀመሪያዋ ሰከንድ 8 ሜትር፥ በፍሬን 5 ሜትር ተጉዞ፥ በ13 ሜትር ላይ ፈጽሞ ይቆማል። እነዚህን ቍጥሮች ጐን ለጐን ያስተያየ ሰው ትልቁን ነገር ያገኛል፤ በ30 የሚሄደው መኪና ቀጥ ብሎ በቆመበት ስፍራ፥ በ50 የሚሄደው ነጂ ገና ፍሬኑን አልነካም፤ ሕፃኑንም የሚመታው አንዳች ሳይቀንስ በሙሉ ፍጥነቱ ነው። የመምታቱም ኀይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ የሚያድግ አይደለም፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ የሚሰላ ስለ ሆነ፥ በ50 የሚሄደው መኪና የተሸከመው ኀይል በ30 ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት እንደ ተገለጠው፥ በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትንም ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ አንደኛው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ልጅን ከፈንጣጣና ከኩፍኝ ለማዳን ብዙ የደከመው ዓለም፥ ከደዌ የተረፈውን ልጅ በመንገድ ዳር ለሞት አሳልፎ መስጠቱ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው። በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ የብዙ አገሮች ሚኒስትሮች፥ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ስፍራ ሁሉ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚጠይቅ መግለጫ ያወጡት ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ ስለ ተረዱ ነው።

ነገር ግን 30 ብሎ በሰሌዳ ጽፎ ማቆም ብቻ አይበቃም። ነጂ በእውነት የሚታዘዘው ለመንገዱ መልክ ነው፤ ሰሌዳውን በአንድ ቅጽበት አልፎት ይሄዳል፥ የመንገዱ ስፋትና ቀጥታነት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሕጉ በድንጋይና በሲሚንቶ እስኪጻፍ ድረስ ትራፊክ ፖሊስ በቆመበት ሰዓት ብቻ የሚከበር ሕግ ሆኖ ይቀራል።

የሆላንድ ወላጆች

ሆላንድ ዛሬ ለእግረኛና ለብስክሌት የምትመች አገር ተብላ ስለምትጠራ፥ ይህ ጠባይዋ ከጥንት የነበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሕዝቡ ሀብት እያደገ ሲሄድ መኪናው በዛ፥ የድሮዎቹም አደባባዮች የመኪና ማቆሚያ ሆኑ። በ1970ዎቹ መባቻ በየዓመቱ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች በመንገድ ላይ ይሞቱ ነበር፤ በ1971 ከሞቱትም መካከል ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ።

በዚያ ዓመት «ደ ታይት» የተባለው ጋዜጣ ጸሐፊ የነበረው ቪክ ላንገንሆፍ ትንሽ ሴት ልጁ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በመኪና ተመትታ ሞተችበት። እርሱም ኀዘኑን በልቡ ይዞ ዝም አላለም፤ በመስከረም 1972 በጋዜጣው ላይ ባወጣው ጽሑፍ፥ በልጆች ላይ የሚደርሰውን ይህን ሞት የዕድል ነገር ብሎ መቀበል እንዲቀርና ወላጆች በአንድነት እንዲነሡ ጠራ። ከጥሪውም «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ስም ያለው ማኅበር ተወለደ፤ የመጀመሪያዋም ሊቀ መንበር ማርትየ ፋን ፑተን የተባለች የአምስተርዳም ወጣት እናት ነበረች፥ እርሷም ኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ለመሆን በቅታለች። የማኅበሩ ሰዎች መንገዶችን ለጥቂት ሰዓት እየዘጉ ልጆችን ያጫውቱ ነበር፤ አደጋ በበዛበት ስፍራ ሰልፍ ያደርጉ ነበር፤ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ዮፕ ደን ኦይልም ቤት በብስክሌት ሄደው በደጃፉ ዘመሩ፥ እርሱም ወጥቶ አዳመጣቸው። በ1973 የነዳጅ ችግር በመጣ ጊዜ ደግሞ መንግሥቱ በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ስለ ከለከለ፥ ሕዝቡ መኪና የሌለበት ጐዳና ምን እንደሚመስል በዐይኑ ለማየት ቻለ።

በዚያው ዘመን በዴልፍት ከተማ ዮስት ቫል የተባለው መሐንዲስና የሰፈር ነዋሪዎች አዲስ የመንገድ ሥራ ጀምረው ነበር። በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የእግረኛውን መሄጃ ከመኪናው የሚለየውን ጠርዝ አንሥተው መሬቱን አንድ ወለል አደረጉት፤ ቀጥታ የነበረውን መሄጃ በዛፍ፥ በአግዳሚ ወንበርና በአበባ መደብ እንዲጠማዘዝ አደረጉት፤ መኪና መግባት ባይከለከልም በእግረኛ እርምጃ ልክ ካልሆነ በቀር ማለፍ እንዳይችል ሆነ። በ1976 የአገሩ ሕግ ይህን ዓይነት ጐዳና በይፋ ተቀብሎ፥ በዚያ ውስጥ እግረኛው በመንገዱ ስፋት ሁሉ የመሄድ፥ ሕፃናትም የመጫወት መብት እንዳላቸው ደነገገ።

ከዚያ ወዲህ በሆላንድ መንገዶች ላይ የሚሞቱት ሕፃናት ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ፥ በያዝነው ክፍለ ዘመን በዓመት ከ20 በታች የወረደባቸው ዓመታት ታይተዋል። ይህ ሁሉ የጐዳና አሠራር ፍሬ ብቻ ነው ብሎ መናገር ከእውነት ያርቃል፤ የመኪናው አሠራር ተሻሽሏል፥ ሕክምናውም አድጓል። ነገር ግን መኪናና ሕክምና በየሀብታሙ አገር ሲሻሻል ሆላንድ ከብዙዎቹ ቀድማ መሄዷ፥ ከሆስፒታሉና ከፋብሪካው ሌላ በጐዳናውም ላይ የተሠራ ሥራ መኖሩን ያስረዳል።

በትምህርት ቤት ደጃፍ የተዘጋ መንገድ

የሆላንዶች ሥራ ሰፈርን በሙሉ የሚመለከት ነበር። በሰሜን ኢጣልያ የምትገኘው የቦልዛኖ ከተማ ግን በ1989 ከትምህርት ቤት ደጃፍ ብቻ የሚጀምር፥ ወጪውም እጅግ ጥቂት የሆነ ዘዴ አሳየች። ጧት ትምህርት ሲጀመርና በኋላም ተማሪ ሲወጣ፥ በደጃፉ ያለው መንገድ ለሩብ ሰዓት ያህል ለመኪና ይዘጋል፤ ሕፃናቱ ገብተው ወይም ወጥተው ሲያበቁ ይከፈታል። በቤልጂግ የጌንት ከተማ በ2012 ይህንኑ ዘዴ ተቀበለች፥ ከዚያም ወደ ሌሎች የፍላንደርስ ከተሞችና ወደ ለንደን ተዛመተ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ተማሪ ከሚገባበት ሰዓት ጥቂት አስቀድሞ አንድ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ወይም ፈቃደኛ ወላጅ ተንቀሳቃሽ መከልከያውን ጐትቶ በመንገዱ አፍ ላይ ያቆማል፤ መከልከያውም ላይ የተዘጋበት ሰዓት የተጻፈበት ምልክት አለ። በመንገዱ ውስጥ ቤት ያለው ነዋሪ፥ አካለ ስንኩል ልጅ የጫነ መኪና፥ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በእግረኛ እርምጃ ይገባሉ። ልጁን በመኪና የሚያመጣ ወላጅ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ያቆምና የቀረውን መንገድ ከልጁ ጋር በእግሩ ይሄዳል። በ2021 በለንደን በወጣ ጥናት፥ እንዲህ በተዘጉ ጐዳናዎች ላይ ልጆች በሚገቡበት ሰዓት ከመኪና ጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው መርዛም አየር እስከ 23 በመቶ መቀነሱ ተለክቷል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ከግጭት ማዳን ብቻ ሳይሆን የሕፃናቱንም ሳንባ መጠበቅ ነው።

ፓሪስ ከዚህ አልፋ ሄደች። ከ2020 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ደጃፍ ያሉ ብዙ ጐዳናዎችን ለሰዓት ሳይሆን ለዘለቄታው ከመኪና ነጻ አደረገች፤ በብዙዎቹም አስፋልቱን አንሥታ ዛፍ ተክላ፥ ወንበር አኑራ ሕፃናት የሚሰበሰቡበት አደባባይ አደረገቻቸው። በመጋቢት 2025 ደግሞ ሌሎች 500 ጐዳናዎች ለእግረኛ እንዲሰጡ ለከተማው ሕዝብ ድምፅ በቀረበ ጊዜ፥ ድምፅ የሰጠው ሰው ከመራጩ 4 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ደግፎታል።

የመንገዱ አካል

መንገዱ ሊዘጋ በማይችልበት ስፍራስ ምን ይደረጋል? ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃፋቸው የሚከፈተው አውቶቡስና የጭነት መኪና በሚመላለስበት አውራ ጐዳና ላይ ስለ ሆነ፥ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባውም። መልሱም የመንገዱን አካል መለወጥ ነው።

በመጀመሪያ፥ ሕፃኑ የሚያቋርጠውን ስፋት ማሳጠር ይገባል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ልጅ 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለማቋረጥ 14 ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ጊዜ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 194 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ልጁ በደኅና ለመሻገር 200 ሜትር ያህል ርቆ ያለውን መኪና አይቶ ፍጥነቱን መገመት አለበት ማለት ነው፤ ይህን በትክክል መገመት ለአዋቂም አይቀልም። አሁን ደግሞ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ በማቋረጫው ላይ ከሁለቱም ወገን ወደ አስፋልቱ ገብቶ እንዲሰፋ፥ ልጁም የሚያቋርጠው 7 ሜትር ብቻ እንዲሆን፥ መኪናውም በ30 እንዲሄድ ብናደርግ፥ ልጁ ማስተዋል የሚገባው 60 ሜትር የማይሞላ ርቀት ብቻ ይሆናል። የልጁ ጥበብ አልጨመረም፤ የተጠየቀው ጥበብ ግን ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዷል። በመካከል አካፋይ ቢሠራና ልጁ እዚያ ቆሞ ቢያርፍ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ መመልከት ስለሚበቃው ሥራው ይበልጥ ይቀልለታል።

ሁለተኛ፥ ማቋረጫውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ ከእግረኛው መንገድ ጋር በአንድ ወለል መሥራት ይገባል። በአስፋልት ላይ በቀለም ብቻ የተሠመረ ዜብራ ነጂውን የሚለምን ነው፤ ከፍ ብሎ የተሠራው ግን የሚያስገድድ ነው፤ ፍጥነቱን ያልቀነሰ መኪና ራሱ ይጐዳልና። ሦስተኛ፥ የመታጠፊያውን ማዕዘን ማጥበብ ይገባል፤ ማዕዘኑ በሰፊው የተጠጋጋ እንደ ሆነ መኪና ሳይቀንስ ይታጠፋል፥ ማዕዘኑ የጠበበ እንደ ሆነ ግን መቀነስ ግድ ይሆንበታል። አራተኛ፥ ከማቋረጫው ወዲህና ወዲያ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ መኪና እንዳይቆም መከልከል፥ ክልከላውም እንዲጸና ችካል መትከል ይገባል፤ ብዙ ሕፃን የሚመታው በቆመ መኪና ተጋርዶ ሳለ ነውና። ይህ ሁሉ አዲስ ፈጠራ የሚጠይቅ ሳይሆን ማንኛውም የመንገድ መሐንዲስ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ የጐደለው ፈቃድ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ዳር ኤስ ሳላምና አዲስ አበባ

ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር የታንዛንያን ምሳሌ ይመልከት። አሜንድ የተባለው ድርጅት በዳር ኤስ ሳላም ከተማ ብዙ ልጆች በአደጋ የሚጐዱባቸውን ትምህርት ቤቶች እየለየ፥ በአካባቢያቸው የእግረኛ መንገድ፥ ዜብራ፥ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ችካል አሠራ፤ በአንዳንዱም ስፍራ በአውራ ጐዳናው ላይ የነበረው በር ተዘግቶ በጐን በኩል እንዲከፈት አደረገ። የበር መዛወር ጥቂት ብሎኬትና ጥቂት የግንበኛ ድካም እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን በመቶ የሚቈጠሩ ሕፃናትን ከአውራ ጐዳና ያርቃል። ሥራው የተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች ካልተሠራባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ26 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በ2019ም ይህ ሥራ ለከተሞች የሚሰጠውን ታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሆነው በእግር ነው፤ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም መካከል እጅግ የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ጧት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከሰፊ መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። ሚኒባስ ታክሲ በዜብራው ላይ ቆሞ ሰው ያወርዳል፥ ረዳቱም የሚቀጥለውን ሰፈር ስም እየጠራ በሩን እንደ ከፈተ ነው፤ ከኋላው የመጣ የቤት መኪና ልጅ ለማውረድ ከጐኑ ደርቦ ይቆማል፥ ከእነርሱም በስተኋላ ያለው ክላክስ ያሰማል። በዚህ መካከል አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ምሳ ዕቃዋን በአንድ እጇ፥ የታናሽ ወንድሟን የቦርሳ ማንጠልጠያ በሌላው እጇ ይዛ በሁለቱ መኪናዎች መካከል ባለው ክፍተት ትወጣለች። በማዶው መስመር የሚመጣው ነጂ መጀመሪያ የሚያየው የሚኒባሱን አፍንጫ ነው፤ ልጅቱን የሚያያት ግንባሯ ከሚኒባሱ ጐን ብቅ ባለ ጊዜ ነው፥ ያን ጊዜም በመካከላቸው ያለው ርቀት ከላይ ካሰላናቸው ሜትሮች ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከመንገዱም ዳር የተማሪ ትራፊክ የሆነ አንድ ልጅ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፥ ፊሽካ በአፉ ይዞ፥ ቁም የሚለውን ሰሌዳ ከፍ አድርጎ መኪናዎቹን ያስቆማል። ይህ ልጅ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ሕፃናትን ከመኪና የመጠበቅ ሥራ በሌላ ሕፃን ትከሻ ላይ መውደቁን ሲያይ ልቡ የማይነካ አዋቂ ሊኖር አይገባም።

ከተማው ምንም አልጀመረም ማለት ግን አይደለም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጐዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ ተጫውተውባቸዋል፥ በብስክሌትም ሄደውባቸዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት በዋና ዋናዎቹ ጐዳናዎች ዳር ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። እንግዲህ የሚቀጥለው ሥራ ይህን ልምድ ከዋናው ጐዳና ወደ ውስጥ፥ በኮብልስቶንም ሆነ በአስፋልት ወደ ተሠሩት የትምህርት ቤት መንገዶች ማድረስ ነው።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

መኪና ከአንድ መንገድ ቢከለከል በሌላው ይጨናነቃል የሚል ተቃውሞ በየአገሩ ይነሣል። ተቃውሞው በቅን ልብ የሚነሣ ስለ ሆነ በቅን ልብ ሊመለስ ይገባዋል። ከ11 አገሮች 70 ያህል ምሳሌዎችን ሰብስበው የመረመሩ የእንግሊዝ ሊቃውንት፥ ለመኪና የተሰጠ መንገድ በጠበበ ጊዜ አስቀድሞ የተፈራው መጨናነቅ እንደ ተፈራው የሚደርስ አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑን፥ ከመኪናውም ጥቂቱ ፈጽሞ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ሰው ሰዓቱን ይለውጣል፥ ሁለት ጉዞ በአንድ ያጠቃልላል፥ ቅርቡን በእግሩ ይሄዳል። ይልቁንም በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚጨናነቀው መኪና አብዛኛው ልጅ ለማድረስ የመጣው ራሱ ነው፤ ወላጁ ልጁን በመኪና የሚያመጣው መንገዱ ስለሚያስፈራው ነው፥ መንገዱም የሚያስፈራው እንዲህ የመጣው መኪና ስለ በዛ ነው። መንገዱ የታመነ ሲሆን ይህ አዙሪት ይፈታል።

ባለመኪናው መብቴ ተነካ ቢል ደግሞ፥ መልሱ ከገዛ ባሕላችን ይገኛል። አባቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በደረሱ ጊዜ ወርደው፥ ተሳልመው፥ በእግራቸው ያልፉ ነበር፤ ባለ ብዙ መዓርግ የነበረውም ሰው በመውረዱ ክብሩ ተቀነሰ ብሎ አያስብም ነበር፥ እንዲያውም ክብር ለሚገባው ስፍራ ክብር መስጠቱ መዓርጉን የሚያስመሰክርለት ነበር። የሕፃናት መማሪያ ደጃፍም እንዲህ ያለ ክብር የሚገባው ስፍራ ነው፤ በዚያ ሲያልፉ በእግረኛ እርምጃ መንዳት ከማንም ላይ የሚወስደው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀመረውም በትንሹ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከወላጆች ኮሚቴው ጋር ሆኖ ልጆቹ በየትኛው መንገድ እንደሚመጡና በየትኛው ስፍራ እንደሚሻገሩ በወረቀት ላይ ይሣል፤ ልጆቹንም ይጠይቅ፥ የሚያስፈራቸውን ማዕዘን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ከዚያም ማቋረጫው በቀለምና በተንቀሳቃሽ ችካል ለጥቂት ወራት ይሞከር፤ ሙከራው ያልሠራበት ይስተካከል፥ የሠራበት በድንጋይና በሲሚንቶ ይጽና። ደጃፉ በአውራ ጐዳና ላይ የተከፈተውን በር ወደ ጐን ማዛወር ይቻል እንደ ሆነ ይመርመር፤ ወደፊት የሚሠራው ትምህርት ቤትም በሩ የት እንደሚከፈት ሳይወሰን ፈቃድ አይሰጠው። መሐንዲሱ መንገድ ሲነድፍ መኪና በሰዓት ስንት ያልፍበታል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ የ6 ዓመት ልጅ ብቻውን ሊሻገረው ይችላልን ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ አልፎ የተሠራ መንገድ ለአረጋዊም፥ ለነፍሰ ጡርም፥ በምርኵዝ ለሚሄድም የሚበቃ ስለ ሆነ፥ ለሕፃኑ ተብሎ የወጣው ወጪ ለከተማው ሕዝብ ሁሉ የወጣ ነው።